«ማስተሩን ብቻ ብቀይር አይበቃም?» የቆመ ቮልስ ፍሬን ቤት ውስጥ ሲታደስ

ጥያቄ፦ «አባቴ የተወልኝ እንደ ፈረንጆቹ 1965 ሞዴል ቮልስ አለኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሳይነዳ ቆሟል። ሞተሩን አስነሥቼዋለሁ። ፍሬኑን ስረግጥ ግን ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ ሦስት አራት ጊዜ ስደጋግመው ትንሽ ይይዛል። ከኋላ በቀኝ ጎማው በውስጥ በኩል እርጥበት አለ። ማስተር ሲሊንደሩን ብቻ በአዲስ ብቀይር አይበቃም? ሥራውን ቤቴ ሆኜ ልሠራው እችላለሁ? ዘይቱስ የትኛው ይሻላል?»

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥህ። ማስተሩ፣ ማለትም ፔዳሉ ሲገፋው ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚልከው ሲሊንደር፣ ብቻውን አይበቃም። ቤትህ ሆነህ መሥራት ትችላለህ። ዘይቱ ዶት 4 የሚባለው ደረጃ ይሁን። አሁን ምክንያቱን ልንገርህ፤ ምክንያቱ ከገባህ እጅህም አይሳሳትም።

የፍሬን መስመር ከፔዳሉ ሥር ጀምሮ እስከ አራቱ ጎማዎች ድረስ በአንድ ፈሳሽ የተሞላ አንድ አካል ነው። በአንዱ ጫፍ ያለው ግፊት በሌላውም ጫፍ እኩል ይደርሳል። እግርህ ፔዳሉን በ30 ኪሎ ገፋው እንበል። የፔዳሉ ርዝመት ያንን አምስት እጥፍ ቢያደርገው 150 ኪሎ ይሆናል። ይህ ኃይል 19 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላት ፒስተን ላይ ቢያርፍ፣ በእያንዳንዷ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 53 ኪሎ ገደማ ይመጣል። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው አየር በዚሁ መለኪያ 2 ገደማ ነው። ያን ሁሉ ግፊት አፍኖ የሚይዘው ብረት አይደለም፤ የጎሚኒ፣ ማለትም በፒስተኑ ጫፍ ያለች የላስቲክ ቆብ፣ ከንፈር ነው።

አንተ መኪና ላይ እንዲህ ያለ ጎሚኒ ዐሥር አለ። በእያንዳንዱ ጎማ ሲሊንደር (ጎማው ዘንድ ሆኖ ፍሬኑን የሚያስይዘው) ውስጥ ሁለት ሁለት፣ ማስተሩ ውስጥ ሁለት። ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሱ አራት ተጣጣፊ የላስቲክ ቱቦዎችም አሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ዘይት ጠጥተው ዐሥራ አንድ ዓመት ቆመዋል። አንዱ ማፍሰስ ከጀመረ ሌሎቹም ሰልፍ ላይ ናቸው። አሮጌው ማስተር ደካማ ስለሆነ የሌሎቹን ድካም ሸፍኖላቸው ኖሯል። አዲስ ማስተር ስታስገባ ሙሉ ግፊት ይመጣል። ያን ጊዜ ዛሬ ደረቅ የሚመስለው የግራ ፊት ሲሊንደር ማልቀስ ይጀምራል። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ አንዱ ቱቦ። እንዲህ እያልክ በየወሩ ጎማ ስትፈታ ትከርማለህ። አንድ ጊዜ ፈትተህ ጎሚኒውንና ቱቦውን በሙሉ ቀይር። ይህን ሥራ ስሠራ የኖርኩት በዚህ መንገድ ነው፤ ግማሹን አድሶ ግማሹን የተወ መኪና ሳይመለስ የቀረበትን ጊዜ አላስታውስም።

የአንተ መኪና ሌላም ነገር አለው። መስመሩ አንድ ብቻ ነው። የፊትም የኋላም ፍሬን ከአንድ ክፍል ይመገባል። አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። ሰው «ፍሬን በጠሰ» ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን የተበጠሰ ነገር የለም፤ አንዲት ጎሚኒ ከንፈሯ ተገልብጦ ወይም ቱቦ ፈንድቶ ነው። ሁለት ክፍል ያለው ማስተር የመጣው ለዚህ ነው። አሜሪካ ለሚሸጡት ቮልሶች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1967 ሞዴል ገባ፤ በ1968 ደግሞ እዚያ ለአዲስ የቤት መኪኖች ግዴታ ሆነ። አንተም ወደፊት ወደ ባለ ሁለት ክፍሉ መቀየር ትችላለህ፤ እኔ ብሆን እቀይረው ነበር። ግን እሱ የጎማ ሲሊንደሮቹንና ቱቦዎቹን ከማደስ ነፃ አያወጣህም። ሥራው እዚያው አለ።

ወደ ዘይቱ እንምጣ፤ ትልቁ ስሕተት የሚጀምረው ከስሙ ነው። «የፍሬን ዘይት» እንለዋለን እንጂ ነገሩ ዘይት አይደለም። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 የሚባሉት ግላይኮል ከሚባል የኬሚካል ቤተሰብ የተሠሩ ፈሳሾች ናቸው። ከውሃ ጋር ይዋሃዳሉ። ከሞተር ዘይት ጋር ግን ጠላት ናቸው። የፍሬን ጎሚኒ የተሠራውም ለእነሱ ተብሎ ነው። የሞተር ዘይት፣ ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም ተራ ግራሶ የነካው የፍሬን ጎሚኒ ያብጣል፤ ለስልሶ ቅርጹን ያጣል። ሥራውን ስማር አንድ ሙሉ ስብስብ አዲስ ጎሚኒ ቤንዚን ውስጥ አጥቤ ገጥሜ ነበር። ንጹሕ እንዲሆን ብዬ ነው። በማግስቱ ፒስተኖቹ ተጣብቀው አገኘናቸው፤ መኪናው አልገፋ አለ። ስንፈታው ጎሚኒዎቹ ከሲሊንደሩ በላይ አብጠዋል። ከዚያ በኋላ የፍሬን ሥራ ስሠራ ቤንዚንና ዘይት ያለበት ዕቃ ጠረጴዛዬ ላይ አይቀመጥም። አንተም እንዲሁ አድርግ። ጎሚኒ የሚታጠበው በአዲስ የፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ነው። ብረቱን በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ማጽዳት ትችላለህ፤ ጎሚኒው ከመግባቱ በፊት ግን በደንብ ይድረቅ።

ከውሃ ጋር ይዋሃዳል ያልኩህ ነገር ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛው መፍላት ነው። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ አይፈላም። ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ዶት 3 አዲስ ሆኖ 205፣ ውሃ ጠጥቶ 140 ነው። ዘይቱ በጎማው ሲሊንደር ውስጥ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ በድንገት ባዶ የሚሆነው በዚህ ነው። ሁለተኛው ጣጣ ዝገት ነው። የቆመ መኪና ውስጥ እርጥበቱ ሲሊንደሩን ከውስጥ ይበላዋል፤ ብዙ ጊዜ የታችኛው ግድግዳ ላይ ጥቃቅን ጉድጓድ ታያለህ። ጎሚኒው እዚያ ላይ ሲያልፍ ከንፈሩ ይቀደዳል። የቀኝ ኋላህ እርጥበት የመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

ሥራውን ከመጀመርህ በፊት ፔዳሉን አዳምጠው። አንዴ ረግጠህ ያዝ። ቀስ እያለ ከሰመጠ የሚያፈስ ቦታ አለ፣ ወይም ማስተሩ በውስጡ ያሳልፋል። እንደ ስፖንጅ ከሆነ አየር አለ። ጠንካራ ሆኖ ግን ዝቅ ብሎ የሚይዝና ስትደጋግመው ከፍ የሚል ከሆነ፣ ሸራዎቹ ከታምቡሩ (ከጎማው ጋር ከሚዞረውና ሸራዎቹ ከሚይዙት የብረት ከበሮ) ርቀዋል። አንተ የገለጽከው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ተደባልቀው ይመስላል። ብዙ ሰው ሦስተኛውን ከአየር ጋር ያምታታዋል። አየር አለ ብሎ ጠርሙስ ሙሉ ዘይት ያፈሳል፤ ችግሩ ግን የሸራ ማስተካከያው ነው።

መኪናውን ስታነሣ በክሪክ ብቻ ሥር አትግባ። ጠንካራ መደገፊያ ከሥሩ አስገባ፤ ያልተነሡት ጎማዎች ደግሞ ይታገቱ። የኋላ ታምቡር የምታወጣ ከሆነ ትልቁን 36 ቁጥር ዳዶ መኪናው መሬት ላይ እያለ አላላው። ኮፒሊያውን (ዳዶው እንዳይዞር የሚቆልፈውን ፒን) አውጣ፣ ረጅም ቧንቧ ቁልፉ ላይ ሰካ። ሲመለስ 300 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው የሚጠበቀው፤ በግምት የሚታሰር ነገር አይደለም። ፊት በግራ በኩል ያለው ዳዶ ጥርሱ የግራ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ይላላል። ይህን ሳያውቁ የሰበሩትን አይቻለሁ። እዚያው ላይ የፍጥነት መለኪያው ሽቦ ጫፍ በአቧራ ክዳኑ መሃል ያልፋል፤ መያዣዋን መጀመሪያ አውጣ። ታምቡሩ አልወጣ ካለህ በመዶሻ ከመደብደብህ በፊት የሸራ ማስተካከያዎቹን ወደ ውስጥ አዙራቸው። በብዛት የሚይዘው ሸራው ጎድጎድ ባለ ታምቡር ውስጥ ተቀብሮ ነው።

የዚያ ዘመን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፋው፣ በደረቅ ብሩሽም አትጥረገው። በውሃ አርጥበህ በጨርቅ ጥረገው፤ ጨርቁን በላስቲክ ቋጥረህ ጣለው። ጥሩ ማስክም አድርግ። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም። ቀይረው፤ የቀኙን ስትቀይር የግራውንም ቀይር፤ አለዚያ መኪናው ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል።

ትዕግሥት የሚጠይቀው የመጀመሪያ ሥራ የአየር ማስወጫዋ ቡሎን ናት። ትንሽ ናት፣ ውስጧ ባዶ ነው፣ ብዙ ዓመት ዝጋለች። በኃይል ከታገልካት ትሰበራለች። ዝገት የሚያላላ ስፕሬይ ንፋባትና ለቀናት ተዋት። ከዚያ በትንሽ መዶሻ አናቷን በስሱ መታ መታ አድርግ። መጀመሪያ ቅንጣት ያህል ወደ ማጥበቂያው፣ ቀጥሎ ወደ ማላያው። ባለ ስድስት ጎን ቦሴላ ተጠቀም፤ ባለ ዐሥራ ሁለቱ ጠርዟን ይበላዋል። እሳት ካስፈለገ ፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ የነካው ቦታ ላይ ፈጽሞ እንዳታቀርብ። አንዳንዶቹ ክሎሪን አላቸው፤ ሲቃጠሉ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣቸዋል። ሲሊንደሩን ለመቀየር ከወሰንክ ግን ከቡሎኗ ጋር መጣላት አያስፈልግህም፤ አብራ ትወጣለች። የብረት ቧንቧው ዳዶ ላይ ደግሞ ተራ ክፍት ቁልፍ ያንሸራትታል። ለቧንቧ ዳዶ የሚሆን፣ አፉ ጠበብ ብሎ ዙሪያውን የሚይዝ ቁልፍ አለ። እሱን ፈልግ።

አሁን ሲሊንደሩ እጅህ ላይ ነው። ፍርዱ እዚህ ላይ ነው የሚሰጠው።

አቧራ መከላከያዎቹን አውጣ። ፒስተኖቹን ገፍተህ አስወጣ። መሃል ላይ ሞላ አለ፣ በሁለቱም ወገን ጎሚኒና ፒስተን። ከተጣበቀ በኮምፕሬሰር አየር አታስፈንጥረው። ፒስተን እንደ ጥይት ይወጣል፤ ጣት ይሰብራል። የብስክሌት ፓምፕ ይበቃል፣ ከፊቱ እንጨትና ወፍራም ጨርቅ አድርግ። ከዚያም ይበልጥ ቀላል መንገድ አለ፦ መስመሩ ገና ሳይፈታ ታምቡሩ እንደወጣ ፔዳሉን ቀስ ብለህ ብትረግጥ ራሱ ፈሳሹ ይገፋዋል። ዲስክ ፍሬን ላለው መኪና ካሊፐር (ዲስኩን ከሁለት ወገን ለሚቆነጥጠው ክፍል) ይህ ዘዴ በጣም ይጠቅማል፤ የተጣበቀ የካሊፐር ፒስተን በእጅ አይወጣምና።

ውስጡን በአልኮል አጽዳና ብርሃን ላይ ያዘው። ቡኒ እድፍ ብቻ ከሆነ በጣም ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በፍሬን ዘይት አርጥበህ በጣትህ አዙረው። አዙረው ነው ያልኩት። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከሳብከው በርዝመቱ ጭረት ይወጣል፤ ፈሳሹ በዚያ ጭረት ተከትሎ ያመልጣል። አዙሪት ጭረት ግን የጎሚኒው ከንፈር ያቋርጠዋል። ከጠራ በኋላ በጥፍርህ ዳስሰው። ጥፍርህን የሚያስቆም ጉድጓድ ካለ ሲሊንደሩ አብቅቷል። «ትንሽ ልፋቀው» አትበል። በፋቅከው ቁጥር ይሰፋል፤ ፒስተኑ ይወዛወዛል፤ ጎሚኒው በክፍተቱ ይቆነጠጣል። ለቮልስ አዲስ የጎማ ሲሊንደር ዛሬም ይመረታል፤ እኔ ብሆን አራቱንም በአዲስ እተካለሁ። ጉድጓድ ሞልቶት መፋቅና መጨነቅ የሚገባው ዕቃው ጨርሶ ለማይገኝለት መኪና ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ደግሞ ሲሊንደሩን በቶርኒዮ አስፍቶ የማይዝግ ብረት ወይም ነሐስ እጅጌ ማስገባት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ዝገት አያውቀውም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አሉሚኒየም የሆነ ማስተር የምታድስ ከሆነ አትፋቀው። ግድግዳው ላይ ጠንካራ ስስ ሽፋን አለው፤ እሱ ከተነሣ ማስተሩ ዕድሜ የለውም።

ጎሚኒውን ስትገጥም እጅህ ንጹሕ ይሁን፤ ጎሚኒውም ሲሊንደሩም በአዲስ ፍሬን ዘይት ይረስ። የከንፈሩ ክፍት ወገን ሁልጊዜ ግፊቱ ወደሚመጣበት ይዞራል። በጎማ ሲሊንደር ውስጥ ሁለቱ ጎሚኒዎች ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ ሞላው በመሃላቸው። ስለታም ካቻቢቴ አታስጠጋ፤ በጣት ይገባል። ለአቧራ መከላከያው ውስጥ ለፍሬን ጎሚኒ ተብሎ የተሠራው ቀይ ግራሶ አለ። ቅንጣት ብቻ ቀባው። እርጥበት ከውጭ እንዳይገባ ያደርጋል።

ቱቦዎቹ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ውጫቸውን አይቶ ያልፋቸዋል። የላስቲክ ቱቦ ከውጭ አምሮ ከውስጥ ሊያብጥ ይችላል። የውስጡ ቀዳዳ ይጠብና እንደ አንድ አቅጣጫ በር ይሆናል። እግርህ በኃይል ሲገፋ ዘይቱ ያልፋል፤ እግርህን ስታነሣ ለመመለስ ግን የሚገፋው የሸራው ሞላ ብቻ ነው። ስለዚህ አይመለስም። ጎማው እንደያዘ ይቀራል፣ ይግላል። ሰው ሲሊንደሩን ይወቅሳል። መለያው እንዲህ ነው፦ የያዘው ጎማ ላይ የአየር ማስወጫዋን ክፈት። ጭር ብሎ ወጥቶ ጎማው ከተለቀቀ ግፊት ታግቶ ነበር ማለት ነው። ካልተለቀቀ ሲሊንደሩ ወይም ሸራው ነው የተጣበቀው። ግፊት ታግቶ ከነበረ እንደገና ረግጠህ አስይዘውና አሁን ቱቦው ከብረት ቧንቧው ጋር የሚገናኝበትን አላላው። እዚህ ስታላላው ጎማው ካልተለቀቀ ጥፋተኛው ቱቦው ነው። ከተለቀቀ ደግሞ ወደ ማስተሩ ሂድ። አንተ ግን ምርመራውን እርሳው፤ አራቱንም ቀይር። አዲሱን ስታስር እንዳይጠመዘዝ ተጠንቀቅ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወዲያና ወዲህ አዙረህ ጎማም ሆነ ብረት እንደማይነካ እይ።

የብረት ቧንቧዎቹን በብሩሽ ጥረግና እይ። ዝገት የበላው ካለ ይቀየር። መዳብና ኒኬል የተቀላቀለበት 4.75 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በእጅ ይታጠፋል፣ አይዝግም። ጫፉ በራሱ መሣሪያ ይሰፋል፤ አሮጌው ጫፍ የነበረውን ቅርጽ ተከተል፤ ሁለት ዓይነት ስላለ አንዱ በሌላው ቦታ አያፍንም። የተቆረጠ ቧንቧን በውኃ ቧንቧ መገጣጠሚያ መቀጠል ክልክል ነው፤ ያን ግፊት አይችልም። የእንግሊዝ መኪና ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ጥርሱን ተጠንቀቁ። የሦስት ስምንተኛ ኢንች ቡሎን ባለ 10 ሚሊ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ የተያዘ ይመስላል፤ ግፊት ሲመጣ ግን ተፈንቅሎ ይወጣል።

ማስተሩን አዲስ ብትገዛም ብታድሰውም አንድ ነገር ማወቅ አለብህ። ከዘይት ማጠራቀሚያው የሚመጡ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ እንደ መርፌ ጫፍ ያለ። ፔዳሉ ሲያርፍ ጎሚኒው ትንሿን ቀዳዳ አልፎ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። በእሷ በኩል የሞቀው ዘይት ሲሰፋ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ከተዘጋች ዘይቱ መሄጃ ያጣና ፍሬኑ ራሱ በራሱ መያዝ ይጀምራል። መኪናው ከአምስት ኪሎ ሜትር በኋላ እየከበደ ይሄዳል፤ ሲቀዘቅዝ ደህና ይሆናል። ሰው ግራ ይጋባል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከፔዳሉ የሚመጣው መግፊያ ዘንግ ረዝሞ ፒስተኑን ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ አለማድረጉ ነው። ቮልስ ላይ በዘንጉና በፒስተኑ መካከል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል። ፔዳሉ ጫፍ ላይ በጣትህ ስትገፋው 5 ሚሊ ገደማ ባዶ ሲሄድ ይሰማሃል። ይህን ሳታረጋግጥ ማጠራቀሚያውን አትሙላ። አሮጌውን የምታድስ ከሆነ ደግሞ የትንሿን ቀዳዳ ጠርዝ በጣትህ ዳስስ። ስትፍቅ የተረፈ ሹል ነገር ካለ አዲሱን ጎሚኒ በመጀመሪያው ቀን ይቆርጠዋል። ከሞላው ጫፍ ያለችውን ትንሽ ቫልቭም እንዳትረሳት፤ የታምቡር ፍሬን መስመር ውስጥ ጥቂት ግፊት የምታስቀር እሷ ናት። ጎሚኒዎቹ ከንፈራቸው ግድግዳው ላይ ተዘርግቶ እንዲቆይ ታደርጋለች።

ማጠራቀሚያው ከፊት ክዳኑ ሥር ነው። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። ዙሪያውን እርጥብ ጨርቅ አልብስ፤ ጠብ ካለ ወዲያው በብዙ ውሃ እጠበው። ዓይንህ ውስጥ ከገባም እንዲሁ። አሮጌውን ማጠራቀሚያ ሥሩን ተመልከት፤ የጥቁር አተላ ጭቃ ካለ አጥበህ አድርቀው።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ወዲያው ወደ አየር ማስወጣት አትሩጥ። መጀመሪያ ሸራዎቹን አስተካክል። ማስተካከያዋን ታምቡሩ እስኪይዝ አዙራት፤ ከዚያ ጎማው በነፃ እስኪዞር ጥቂት መልሳት። አራቱንም። አሁን አየር ማስወጣቱ በግማሽ ይቀልልሃል።

ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ፔዳል ላይ፣ አንዱ ጎማው ሥር። ማስተሩ በግራ ፊት ስላለ ከሩቁ ጀምር፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። ግልጽ ቱቦ ማስወጫዋ ላይ ሰክተህ ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ባለ ዘይት አጥልቀው። ጎማው ሥር ያለው ይከፍታል፣ ፔዳል ላይ ያለው ቀስ ብሎ ይገፋል፣ «ታች!» ይላል። ከተዘጋ በኋላ ብቻ እግሩን ያነሣል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አየር መልሶ ይጠጣል። በፍጥነት መርገጥ አረፋውን ይበታትነዋልና ዝግ በሉ። በየአምስት ስድስት ርግጫው ማጠራቀሚያውን ሙሉ፤ አንዴ ከደረቀ ከመጀመሪያው ነው የምትጀምሩት። የወጣውን ዘይት መልሰህ አትጠቀም። አዲስ ማስተር ላይ ይህ አያስጨንቅህም እንጂ፣ አሮጌ ማስተር ያለው ሰው ፔዳሉን እስከ ወለሉ አይርገጠው። ጎሚኒው ለዓመታት ነክቶት የማያውቀው የዛገ ቦታ ላይ ይደርስና ይቆረጣል። ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት አድርግ።

ፔዳሉ ከፍ ብሎ እንደ ድንጋይ ከቆመ ጨርሰሃል ማለት አይደለም። አንድ ሌሊት ስጠው። በመቀመጫውና በፔዳሉ መካከል እንጨት አጋድመህ ፔዳሉን ተጭኖ እንዲያድር አድርግ። መጀመሪያ ግን ባትሪውን ንቀል። የፍሬን መብራቱ ማብሪያ ማስተሩ ላይ በግፊት የሚሠራ ስለሆነ መብራቱ በርቶ ሊያድር ይችላል። ጠዋት ላይ እያንዳንዱን መገናኛ በነጭ ወረቀት ዳስስ፤ የአቧራ መከላከያዎቹንም ገለጥ አድርገህ እይ። ወረቀቱ ከረጠበ እዚያ ቦታ ፍታው። «ትንሽ ናት፣ ትዘጋለች» የሚባል ነገር ፍሬን ላይ የለም።

የመጀመሪያው መንዳት በእግር ጉዞ ፍጥነት፣ ሜዳና ባዶ ቦታ ላይ ይሁን። ከዚያ በፊት የእጅ ፍሬኑ በደንብ እንደሚይዝ አረጋግጥ፤ እሱ በሽቦ ስለሚሠራ ሌላው ቢከዳህ የሚቀርልህ እሱ ብቻ ነው። ዐሥር ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ ቁምና እጅህን ወደ እያንዳንዱ ታምቡር አስጠጋ። የቀኙና የግራው ሙቀት ተመሳሳይ መሆን አለበት። አንዱ ብቻ ከጋለ ማስተካከያው ጠብቋል። አራቱም ከጋሉ ወደ 1 ሚሊዋ ክፍተት ተመለስ።

ስለ ዘይቱ የቀረኝን ልጨምር። ዶት 5 የሚባለው ሐምራዊ ፈሳሽ ሲሊኮን ነው። ቀለም አይልጥም፣ ውሃ አይጠጣም፤ ለቆመ መኪና ጥሩ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልመርጠውም። ውሃ ስለማይጠጣ የገባው ጠብታ በዝቅተኛው ቦታ ብቻውን ይቀመጥና እዚያው ያዝጋል። የአየር አረፋም ይይዛል። ከሌሎቹም ጋር አይቀላቀልም። ዶት 5.1 ግን ስሙ ቢመሳሰልም ከዶት 4 ቤተሰብ ነው። አሮጌ ሲትሮየን ያለው ሰው ደግሞ መኪናው በየትኛው ፈሳሽ እንደሚሠራ መጀመሪያ ያረጋግጥ፤ እንደ ፈረንጆቹ ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ ካሉት አንዳንዶቹ በአረንጓዴ የማዕድን ዘይት ነው የሚሠሩት፣ ጎሚኒያቸውም ለእሱ የተሠራ ነው፤ እነዚያን ከእነዚህ አንዱም እንዳይነካቸው። ለአንተ ዶት 4፣ ካልተከፈተ ጠርሙስ፣ በየሁለት ዓመቱ እየተቀየረ። የተቀየረበትን ቀን ማጠራቀሚያው ላይ ለጥፍበት። መኪናው የሚቆም ከሆነም በየወሩ ገብተህ ፔዳሉን ጥቂት ጊዜ ርገጠው፤ ፒስተኖቹ አንድ ቦታ ላይ እንዳይጣበቁ።

ዕቃው እስኪገዛ ዛሬ ማታ ልትሠራው የምትችል ሥራ አለ። የዝገት ማላያውን ስፕሬይ ይዘህ ሥር ግባ። አራቱን የአየር ማስወጫዎችና የብረት ቧንቧ ዳዶዎቹን አርጥባቸው። ነገም ከነገ ወዲያም ድገመው። የኋላውን ቀኝ ሲሊንደር ስትፈታው ውስጡን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ የታችኛውን ግድግዳ አብረን እናየዋለን።